ከናፍጣው ሞተር የፈታሁት ሴንሰር

አባባ ጋራዥ ውስጥ አንዲት የቤንዚን መኪና የናፍጣ ሞተር ተገጠመላት። የሽቦውን ሥራ አባባ ለታናሽ ወንድሜ ሰጠው። የናፍጣው ሞተር ሙቀት ሴንሰር ከቤንዚኑ ዳሽቦርድ ጋር አልግባባ ሲል፣ ታናሼ ቶርኖ ቤት ማጋጠሚያ የነሐስ ቀለበት አስቀርጾ የድሮውን የቤንዚን ሞተር ሴንሰር አዲሱ ሞተር ላይ ገጠመው።

"እጅህ ይባረክ! ከእንግዲህ የኤሌክትሪኩ ኃላፊ አንተ ነህ" አለው አባባ። ወደ እኔ ዞረና፣ "አንተ የእጅ ባትሪ ያዝለት" አለኝ።

ዐሥር ዓመት ሽቦ ስቀጥል የኖርኩት እኔ ነኝ። ቅናት አንገበገበኝ። ለምሳ ሲወጡ ሴንሰሩን ፈትቼ ኪሴ ከተትኩና ቀዳዳውን በቡሎን ዘጋሁት። ሽቦው ተንጠልጥሎ ቀረ።

ሲመለሱ ታናሼ ቁልፉን አዞረ፤ ሞተሩን ግን ገና አላስነሳውም። የሙቀቱ መርፌ ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ። ሴንሰሩ ግን እኔ ኪስ ውስጥ ነበር።

"አየህ አባባ? ይሠራል!"

"አኮራኸኝ፣ የእኔ ልጅ!"

አባባ ሲያቅፈው መርፌው ቀዩን መስመር አለፈ።

ታናሼ ወርዶ ሞተሩን በመዳፉ ነካ። "በረዶ ነው" አለ ግራ ገብቶት። ከዚያ እኔን አየኝና ግንባሬን ዳሰሰኝ።

"ወንድም ጋሼ፣ አንተ ግን እሳት ሆነሃል!"

የራዲያተሩ ማቀዝቀዣ ፋን መሽከርከር ጀመረ።