ደኅናው ጓንት

በወገዳ የወባ መድኃኒት መጋዘን ደጃፍ ላይ ተቆጣጣሪው የጓንቱን ሳጥን ከፈተ። ረጪው አስማረ ሦስት ወር ሙሉ መድኃኒቱን በባዶ እጁ ሲበጠብጥ ከርሞ መዳፉ ተልጦ መግል ቋጥሯል።

«የጨርቁ ያሳልፋል፤ የቆዳው ደግሞ ጠጥቶ ይይዘዋል» አለ ተቆጣጣሪው እያገላበጠ። ከሥር ወፍራም የላስቲክ ጓንት አወጣና እፍ ብሎ ነፋው። ጓንቱ አልተነፈሰም። «ይኸ ነው ደኅናው።»

«እግዜር ያክብርዎ ጌታዬ» አለ አስማረ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ።

ተቆጣጣሪው መዳፉን ሲያይ ፊቱን አጨማደደ። ጓንቱን ራሱ አጠለቀና የተዘረጋውን እጅ ጨበጠው።

«በርታ። አንተ ከቀሩት ምረጥ» ብሎት ጓንቱን እንዳጠለቀ ሄደ።

አስማረ ከሳጥኑ ምንም አላነሳም። ጎንበስ ብሎ አፈር ዘገነና፣ ቁስሉ እየደማ፣ ተቆጣጣሪው የጨበጠውን እጁን ፈተገው።