ያልቀመስኩት ካዝሚር

«ሃሊማ፣ አንቺ ያገሩ ልጅ አይደለሽ? እስቲ ይሄ ዛፍ ምን እንደሆነ ንገሪን» ትለኛለች ማዕዶት፣ እጄን ይዛ ወደ ጓሮዋ እያስገባችኝ። ባሏ ነብዩ እጅጌውን ሰብስቦ መጥረቢያ ይዟል። አስተማሪ ነው፤ አያያዙ ያስታውቃል።

ጓሮዋ! ጂዳ ዘጠኝ ዓመት የሰው ወለል ወልውዬ፣ በወንድሜ በሙባሪክ ስም ያሠራሁት ቤት ነው። ከመመለሴ በፊት ሸጦት አዲስ አበባ ገባ፤ አላህ ይይለት። እነዚህ ምንም አያውቁም። ካርታ አይተው ገዙ፤ ምን ልበላቸው? ከመንገዱ ማዶ አንዲት ክፍል ተከራይቼ በየቀኑ የገዛ በሬን አያለሁ።

ዛፉ ካዝሚር ነው። ዘሩን ከመስቃን፣ ከአክስቴ ጓሮ አምጥቼ፣ ቡታጅራን የለቀቅኩ ዕለት፣ ቦታው ገና ባዶ ሳለ የተከልኩት እኔ ነኝ። ስመለስ እበላዋለሁ ብዬ። አሁን አረንጓዴ ፍሬው ቅርንጫፉን አጉብጦታል።

«ቢጫ ይሆናል ብለን ብንጠብቅ፣ ወይ ፍንክች!» ይላል ነብዩ። «ትናንት አንዱን ነከስኩት። እንደ ኮሶ ይመራል።»

ከዛፉ ላይ ነክሶ! ካዝሚር እኮ ጠጣሩን ለቅመው አራት ቀን ገለባ ውስጥ ይቀብሩታል። ያኔ አረንጓዴ እንደሆነ ይለሰልሳል፤ ማር ነው። እኛ ዘንድ ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። እነሱ ከጎጃም የመጡ ናቸው፣ ከየት ይወቁት?

«የሚበላ ከሆነ ይቆይ፣ ልጆቹ ይብሉት» ትላለች ማዕዶት። «ካልሆነ ዛሬውኑ ይቆረጥ። ትንሿ ያገኘችውን ሁሉ አፏ ውስጥ ነው የምትከተው።»

ልጆቿ ይብሉት! እኔ የተከልኩትን፣ ወላሂ! ሙባሪክ ፊቴ ቢቆም የምለውን አውቅ ነበር። እሱ የለም፤ ያሉት እነሱ ናቸው።

«መርዝ ነው» እላለሁ። «ቁረጡት።»

ማዕዶት ደረቷን ትደቃለች። «እመብርሃን! ልጆቼን አተረፍሽልኝ!»

ነብዩ ይጀምራል። በመጀመሪያው ምት፣ ተው ልለው አፌን እከፍታለሁ። ዋሽተሽን ነው ቢሉኝስ ብዬ መልሼ እዘጋዋለሁ። እንጨቱ ለስላሳ ነው፣ ብዙ አያለፋውም። ዛፉ ሲወድቅ የራሴን እጅ የቆረጡት ያህል ያመኛል። ምን አደረግሁ? ዘጠኝ ዓመት አስቤው፣ አንዲት ፍሬ እንኳ ሳልቀምስ!

«ቅርንጫፉን ለማገዶ ትሰጡኛላችሁ?» እላለሁ ቶሎ ብዬ። ፍሬው ቤት ይግባልኝ እንጂ ገለባ አላጣም።

«ውሰጂ! ምን ገዶን፣ ሁሉንም ውሰጂ!» ትላለች ማዕዶት። ደስ ብሏታል። ከዚያ ባልዲ ታመጣና ጎንበስ ብላ ፍሬውን ከየቅርንጫፉ ትለቅማለች። «ቆይ እህቴ፣ እኔን ያዳንሽ፣ አንቺን መርዝ አስይዤ አልሰድሽም።»

ባልዲው ሲሞላ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ትደፋዋለች። ተመልሳ ቅጠሉን እየገለጠች ትፈልጋለች። እኔ ቆሜ አያታለሁ። አንዲት ፍሬ ተንከባልላ እግሬ ሥር ቀርታለች፤ ቀስ ብዬ በቀሚሴ እሸፍናታለሁ።

«እግርሽን አንሺማ፣ ሃሊማዬ» ትለኛለች።