የሹፌሩ ሁለት አሟሟት

ወይዘሮ ዘርፌ የያዘችው «ሰሞን» ጋዜጣ፣ ባሏ ላቀው የሚነዳውን አውቶቡስ መንገድ ከሚሻገሩ ልጆች ለማራቅ ሲል የድልድዩን አጥር ጥሶ ወድቆ እንደሞተ ይናገራል። ጎረቤቷ አቶ ክንዴ የያዘው የዚያው ቀን «ሰሞን» ደግሞ ላቀው መሪ እንደያዘ እንቅልፍ ወስዶት ነበር ይላል። የክንዴ እህት የሞተችው በዚያው አውቶቡስ ነው። ዕድሩ ለሁለቱም አንድ ድንኳን ተክሏል።

«ሰሞን» ለእያንዳንዱ አንባቢ ልቡ የፈቀደውን ለይቶ ማተም ከጀመረ ወዲህ በከተማው ያልገባበት ቤት የለም። አዘጋጁ ምንዳዬ በዚህ ይኮራ ነበር። ዛሬ ግን አብሮ አደጉን ላቀውን ሊያለቅስ መጥቷል።

ለቀስተኛ በገባ ቁጥር «እንዴት ሆኖ ነው?» ይላል። ዘርፌ ጀምራ ሳትጨርስ ክንዴ አቋረጣት።

«ተይ እንጂ ዘርፌ! ተኝቶ ነው የጨረሳቸው።»

«አንተ ድሮም አትወደውም!»

ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ሁሉ ምንም ሳይጠይቅ «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ጥግ ይይዝ ጀመር። ስለ ላቀው የሚያወራ ጠፋ።

ዘርፌ ወደ ምንዳዬ ዞረች። «ጋዜጣው ያንተ ነው። ለልጆቼ የትኛውን ልንገራቸው?»

ድልድዩ ጋ የሄደ ዘጋቢ አልነበረም፤ ምንዳዬ ዘጋቢዎቹን ካሰናበተ ስድስት ዓመቱ ነው።

«አላውቅም» አለ።

ከዚያ ተነሥቶ ቆመ። «ከነገ ጀምሮ ‹ሰሞን› አይወጣም። እኔው ድልድዩ ጋ ሄጄ ያዩትን እጠይቃለሁ። የሰማሁትን፣ ቢከፋም ባይከፋም፣ እዚሁ ሁላችሁም ፊት አንድ ጊዜ እናገራለሁ።»