ማነጻጸሪያዋ ልጅ

«መድኃኒት ሳይነጻጸር ‹ሠራ› ማለት ክልክል ነው» የሚል ሕግ ከወጣ ወዲህ መንትያ ያለው ቤት መከራውን ያያል። የወይዘሮ ትብለጽ ልጆች፣ ሶስናና ሊዲያ፣ ሕዋሳቸው ሳይቀር አንድ ዓይነት ስለሆነ ወረዳው አይለቃቸውም።

ሁለቱም ጉንፋን ይዟቸው ሲያተኩሳቸው የወረዳው ባለሙያ አቶ ይልቃል መጣ። «ሶስና ዳማከሴ ትጠጣለች። ሊዲያ ማነጻጸሪያ ናት፤ ውሃ ብቻ» ብሎ ሄደ።

ትብለጽ ቅጠሉን ጨምቃ ለሶስና ሰጠቻት። ፊቷን አዙራ ስትመለስ ሶስና ያጋመሰችው ብርጭቆ ሊዲያ እጅ ላይ ነበር። እንዳላየች ሆነች።

በሦስተኛው ቀን ይልቃል ሲመለስ ሁለቱም ድነው ገመድ ይዘላሉ። «ልዩነት የለም፤ ስለዚህ ዳማከሴ አይሠራም» ብሎ መዘገበ። የማይሠራ መድኃኒት ደግሞ ጓሮ ውስጥ እንዲበቅል አይፈቀድም። ትብለጽ እውነቱን ብታወጣ ሙከራው እንደገና ሊጀመር ነው፤ ዝም አለች።

ይልቃል ዳማከሴውን ከነሥሩ ነቀለው። ወዲያው ሦስት ጊዜ አስነጠሰው። ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ ትብለጽ፣ ከዚህች ጥቂት ቢጨምቁልኝ?» አላት።

«ምን ገዶኝ» አለችው። «ብቻ መንትያዎን ይዘው ይምጡ።»