ከነጭረቱ

ሽመክት ቤቱ የጠራኝ እንደ ልማዱ በሰው ፊት ሊያዋርደኝ ነው። ስድስት ሺህ ዘፈን ኮምፒዩተር ውስጥ ካስገባ ወዲህ ሸክላ የሚሰማ ሰው ሁሉ ለእሱ ኋላ ቀር ነው።

«ጋሼ፣ ያ አቧራ የጠገበ የሸክላ ማጫወቻዎ ይጮሃል እንጂ አይዘፍንም» አለኝ።

«ያንተው ደግሞ ታጥቦ የተሰጣ ድምፅ ነው። ነፍስ የለውም።»

እንግዶቹ ሳቁ። እሱም ውርርድ አመጣ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ልሰማና ከሸክላ ይሁን ከኮምፒዩተር ለይቼ ልናገር። ከተሳሳትኩ አርባ ዓመት ያገለገለኝን ማጫወቻ ላስረክበው። እምቢ ብል ፈራ ይሉኛል። ዞርኩ።

ዘፈኑ ተጀመረ። የመርፌው ኮሽታ ይሰማል፤ ኮምፒዩተር ደግሞ መርፌ የለውም።

«ሸክላ ነው» አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። «ኮምፒዩተር ነው! ከሸክላ ላይ ነው የቀዳሁት፣ ከነጭረቱ!» አለ ሽመክት። «ማጫወቻዎን ነገ መጥቼ እወስዳለሁ።»

እኔ ግን ገና እየሰማሁ ነበር። አዝማቹ ላይ ሲደርስ መርፌው ወደ ኋላ ዘለለና አንዱን ቃል ሦስት ጊዜ ደገመው።

ፊቴን መለስኩ። «ይህን ጭረት ያወጣችው ልጄ ናት፣ በሹካ። ሸክላውን ካንተ በቀር ለማንም አላዋስኩም። ገና ኮምፒዩተር ሳትገዛ ከድሮ ቤትህ ጋር ተቃጠለ ያልከኝ ጊዜ ያጽናናሁህ እኔ ነኝ።»

ሽመክት ኮምፒዩተሩን ሊዘጋ እጁን ሰደደ።

«ተወው፣ ይዝፈን» አልኩት። «አንተ ሸክላዬን አምጣ።»