አምስት ደቂቃ ድንጋጤ

በፈረንጆቹ 2008 የኦስሎ በረዶ መቅለጥ ሲጀምር፣ ገነነ ሚስቱ ልትገድለው እንደሆነ ደረሰበት።

ገነነ ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ሃያ ዓመት ትራም ሲያጥብ ኖሮ በጥር ወር ልቡን አመመው። ሐኪሞቹ አንዱን የተዘጋ ደም ስር ከፈቱለት፤ ሁለተኛውን ለግንቦት ቀጠሩት። ሚስቱን እታገኘሁን ያገባት ካርቱም በስደት ሳሉ ነው። ያኔ ባሏ የሞተባት መልከ መልካም ሴት ነበረች። አሁን አመሩድ በሚባለው የኦስሎ ሰፈር፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ፣ ጨው ትደብቅበታለች።

ከሆስፒታል የወጣ ዕለት ነርሷ ቆንጂት ሁለቱንም አስቀምጣ አስረዳቻቸው።

«ልብን የሚጎዳው የደም መቋረጥ ብቻ አይደለም፤ ሲመለስም ይጎዳል» አለች። «በልብ ሴሎች ውስጥ ሚቶኮንድሪያ የሚባሉ ጥቃቅን ኃይል ማመንጫዎች አሉ። ተርበው ቆይተው ደም ድንገት ሲጎርፍባቸው በራቸው ይበረገድና አብጠው ይፈነዳሉ። አሁን ተመራማሪዎች የሚሞክሩት ነገር አለ፤ ክንድን አምስት ደቂቃ አስረው አምስት ደቂቃ ይፈቱታል። አራት ጊዜ። በዚያች ትንሽ መከራ ልብ ይለማመዳል፤ ሚቶኮንድሪያዎቹም በራቸውን ዘግተው መጠበቅ ያውቁበታል።»

«ያ፣ ያ» አለ ገነነ በኖርዌይኛ፣ እሺ እሺ ለማለት። ሐሳቡ ምሳው ላይ ነበር። እታገኘሁ ግን ሁሉንም ጻፈች።

በሳምንቱ ሰኞ ደብዳቤ ይዛ መጣች። «ኮሙኑ ቤቱን ልቀቁ ይላል» አለችው፤ ቤቱን የሚያከራያቸው ማዘጋጃ ቤቱ ነው። ገነነን ላብ አጠመቀው። እሷ አንጓውን ይዛ የግድግዳውን ሰዓት ስታይ ቆየች። ከአምስት ደቂቃ በኋላ «ለካ የማስታወቂያ ወረቀት ነው» ብላ ቀደደችው።

ረቡዕ «ጀላሉዲን ሞተ» አለችው። ጀላሉዲን ቬስትሊ የሚኖር ባለታክሲ፣ የልብ ጓደኛው ነው። ገነነ ፊቱን ሸፍኖ ሲንሰቀሰቅ ቆየ። «ሌላ ጀላሉዲን ነው፤ አንተ የማታውቀው» አለች በኋላ፣ ሻይ እየቀዳችለት።

ዓርብ የባሰው መጣ። «ካንተ ጋር መኖር በቃኝ» አለችው። ማንኪያው ከእጁ ወደቀ። አምስት ደቂቃ ሞላ። «ቀልዴን ነው፤ ሾርባህን ጠጣ።»

በዚህ ላይ መታጠቢያ ቤት ተቆልፋ በስልክ ታንሾካሹካለች። ማዮርስቱን ሄዳ የወንድ ፒጃማ ገዝታ መጣች። ገነነ ተደብቆ ሲለካው ሱሪው እግሩን አልፎ ወለሉን ጠረገ።

የሞተውን ጓደኛውን አማከረው።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ጀላሉዲን። «በድንጋጤ ትገድልሃለች። ከዚያ ፒጃማው ልክ የሚሆነውን ታገባለች።»

«ፖሊስ ጋ ልሂድ?»

«ምን ብለህ? ሚስቴ አስደነገጠችኝ ብለህ?»

ገነነ ከዚያ ወዲያ የሚበላውን አስቀድሞ እሷን እያስቀመሰ ነበር የሚጎርሰው። እሷም ሳትከራከር ቀመሰችለት፤ ጨው እንደሌለው እሷም ታውቃለች።

በሳምንቱ ቅዳሜ አልቻለም። «ልትገድይኝ እንደሆነ ደርሼበታለሁ» አላት።

እታገኘሁ መሳቢያውን ከፍታ ደብተር አወጣች። መጀመሪያው ገጽ ላይ የቆንጂት ቃል አለ፦ ክንድን አስሮ መፍታት፣ አራት ጊዜ። ሰኞ፦ ኮሙኑ፣ አምስት ደቂቃ። ረቡዕ፦ ጀላሉዲን፣ አምስት ደቂቃ። ዓርብ፦ ፍቺ፣ አምስት ደቂቃ። ከጎኑ የልብ ምቱ ተጽፏል።

«ልብህን እያለማመድኩት ነው» አለች። «ቆንጂት ስትናገር የት ነበርክ? እነዚያ ሚቶኮንድሪያዎችህ በራቸውን መዝጋት ይልመዱ ብዬ ነው።»

ገነነ ደብተሩን ይዞ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እሱ ግድያ ሲጠረጥር እሷ ለግንቦቱ ሕክምና ትደክም ኖሯል። እጇን ሳመ።

«ክንዴን ብታስሪው አይሻልም ነበር?»

«የኔ አለማመድ ለሌላ ድንጋጤም ይሆናል» አለች። አንጓውን ይዛ ሰዓት እያየች ቆጠረች። «ሰባ ሁለት። ዘንድሮ እንዲህ ረግቶ አያውቅም።»

የበሩ ደወል ጮኸ። ገነነ በደስታ እሱው ሄዶ ከፈተ። ሻንጣ የያዘ ረጅም ሽበታም ሰው ቆሟል።

«ደንገጥ እንዳትል» አለች እታገኘሁ ከኋላው፣ ትከሻውን ደገፍ አድርጋ። «ሞቷል ያሉኝ ባሌ ነው።»