የቀረችበት ምክንያት

ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት፣ ልጅ ሲቀር ወላጅ ምክንያቱን በእንግሊዝኛ ጽፎ ይላክ ይላል። እኔ በጎልማሶች ትምህርት ቤት፣ ምክንያት የሚያያይዘውን የእንግሊዝኛ ቃል «ቢኮዝ»ን በተማርኩ ሰሞን፣ ማኅደር አተኮሳትና ቀረች።

«እማዬ፣ ተይው ይቅርብሽ» አለችኝ።

«ዛሬስ በገዛ እጄ ነው የምጽፈው!»

ቀርታለች የሚለውን እንደምንም ጻፍኩ። ቢኮዝ ላይ ስደርስ ፊደሉ ይምታታብኛል፤ እሱን ስወጣው ደግሞ ትኩሳት የምትለዋ ቃል ትጠፋኛለች። ስንት ወረቀት ቀድጄ፣ በመጨረሻ ጨርሼ ፈረምኩ።

በማግስቱ ተጠራሁ። ማኅደር አንገቷን ደፍታ ቆማለች። መምህሯ ወረቀቴን ዘረጋልኝ።

«እናት፣ ልጅዎ በስምዎ ጽፋ፣ ፈርማ መጣች። ይባስ ብላ እናቴ ናት የጻፈችው ትላለች። ልትታገድ ነው!»

«እኔ ነኝ እኮ የጻፍኩት፣ ቲቸር!»

«ለልጅ ብለው አይዋሹ። የእርስዎን ጽሕፈት አጣሁት እንዴ?» አለና፣ ከዚህ ቀደም የተላኩለትን ወረቀቶች ከመሳቢያ አውጥቶ ጎን ለጎን ደረደረልኝ። «ይኸው፣ እንዴት እንደሚያምር!»

ልጄ ቀና ብላ በዓይኗ ለመነችኝ። ያ የሚያምረው ጽሕፈት የእሷ ነው።